አስራ አንድ ቁጥር ማሊያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1958

ከትምህርት በኋላ ልምምድ። እንደ ሁልጊዜው። ሜዳው ድንጋይ ነው፤ ኳሷ ሦስት ቦታ ተሰፍታ እንቁላል መስላለች። ወደ ቀኝ ሲመቷት ወደ ግራ ትሄዳለች።

ይህን ደብተር ዛሬ ፈረስ መጋላ ካለ ሱቅ ገዛሁት። የሆዴን የምጽፍበት። በአማርኛ መሆኑ ጥሩ ነው። አባቴ የሚያነቡት ዐረብኛ ብቻ ነው፤ እናቴ ከቁርኣን ሌላ አትገልጥም፤ እህቴ ሰዐዲያ ገና ሀሁ ላይ ናት። ስለዚህ ያሰኘኝን ሰው ብሰድብ የሚያውቅብኝ የለም።

ዛሬ የምሰድበው በድሪን ነው።

የልጅነት ጓደኛዬ ነው... ይሁን። ግን አሁንስ አበዛው። የግራ ተከላካያችን እሱ ነው፤ ከሱ ፊት በግራ ክንፍ እኔ። ልምምድ በተጀመረ በግማሽ ሰዓቱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማለክለክ። እንደ ሽማግሌ! "ምን ሆነሃል?" ስለው "ምንም" ይለኛል፣ ፈገግ ብሎ። ምን ያስቀዋል?

ዋንጫዋ አሁንም ድሬዳዋ ናት። አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ ንቅንቅ አላለችም። በየዓመቱ እንወርዳለን፤ በየዓመቱ ተሸንፈን የደንገጎን ጠመዝማዛ አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ሌላ ዓመት የለኝም። አምበሉም እኔ ነኝ። ዘንድሮ ካላመጣኋት፣ አግብቼም ወልጄም ሸምግዬም "ያ ዋንጫ ያላመጣው አምበል" መባሌ አይቀርም። ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ አንዴ የተወራ ነገር አይሞትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 19

የስፖርት አስተማሪያችን አቶ አበበ ከጁምዓ ሰላት በፊት ቢሮ ጠሩኝ። ያደጉት ደብረ ብርሃን ነው፤ ሐረር ከመጡ ገና ሁለት ዓመታቸው።

"መጂድ፣ ይህ ሙጋድ የምትሉት ነገር ምንድን ነው?"

"እኩያ ማለት ነው ጋሼ። ከልጅነት አብሮ ያደገ። እኛ አምስት ነን። አንዱ ሲያገባ አራቱ ያገለግላሉ፤ አንዱ ሲያዝን አራቱ አብረውት ይቀመጣሉ።"

"ከአምስታችሁ ሦስቱ ቡድኑ ውስጥ ናችሁ።"

"አዎ። እኔ፣ በድሪ፣ በረኛው ገኒ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። አምና ገኒን ለአንድ ጨዋታ ቢያሳርፉት መጀመሪያ አጎቱ መጡባቸው። ቀጥሎ የአጎቱ ጎረቤት። ቀጥሎ ደግሞ የአፎቻቸው ሽማግሌዎች። ቀብርና ሠርግ የሚያቆም አፎቻ ስለ በረኛ ሊመክር! አቶ አበበ ያንን እስካሁን አልረሱም።

"ዘንድሮ አስራ አንዱን ስም ጽፈህ የምታመጣው አንተ ነህ። እኔ እፈርማለሁ" አሉኝ።

ተሸከም ማለት ነው እንግዲህ። ልወጣ ስል ደግሞ፣ "ለመሆኑ ኳስ ሲቀሙህ ትመለሳለህ?" አሉኝ። ክንፍ ተጫዋች ምን ሊሠራ ይመለሳል? ሥራው ፊት ቆሞ ኳስ መጠበቅ ነው። ስለ ኳስ ብዙም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 27

ከአሰበ ተፈሪ ልጆች ጋር እኩል ወጣን። አንድ ለአንድ። በገዛ ሜዳችን!

የገባብን በግራ በኩል ነው። በድሪ መሃል ሜዳ ድረስ ምን ሊሠራ እንደመጣ አላህ ይወቅ። ኳስ ተቀምቼ ቆሜያለሁ። እሱ በጎኔ እየሮጠ አለፈኝና ከነጠቀኝ ልጅ ጋር ተናነቀ። ልጁ አሳለፋት... የበድሪ ቦታ ባዶ። ጎል። ቦታውን ማን ይጠብቅለት?

ከዚያ በኋላ ማለክለክ ነው።

እኔ ሦስት ጊዜ ባዶ ቦታ ላይ ሆኜ እጄን አነሳሁ። ሦስቱንም ሰጡኝ። አንዱን ድንጋይ አነጠረብኝ፣ አንዱ ሰማይ ወጣ፣ አንዱን እንኳ አላስታውስም። ሜዳው ካልተጠረገ ምን ይደረጋል?

እሑድ፣ ጥቅምት 28

ከሰዓት በኋላ ገኒ ቤት ተሰበሰብን። አምስታችን፣ ነደባው ላይ፣ ከግድግዳው ጋር በተሠራው መደብ፣ እንደ ወትሮው ጎን ለጎን። ጫቱ ጥሩ ነበር። ጨዋታው ግን ወዲያ ወዲህ... ስለ ትናንቱ ግጥሚያ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

አላስቻለኝም። "በድሪ፣ ቦታህን ጠብቀህ ቢሆን ኖሮ" አልኩ።

ገኒ ሻይ መቅዳት ጀመረ። ሌላው ስለ ዓለማያ ዓሣ አነሳ። በድሪ ብርጭቆውን እያየ፣ "እውነትህን ነው መጂድ" አለ።

እውነቴን ከሆነ ለምን አይታረምም? ደግሞ እንዲህ በሰው ፊት ማለት አልነበረብኝም። በሙጋድ መሃል የእኩያ ጉድለት ይሸፈናል እንጂ አይነገርም። አፈርኩ። ግን ዋሸሁ እንዴ?

ሰኞ፣ ኅዳር 6

አዲስ ልጅ መጣ። ሙሳ ይባላል፤ አስረኛ ክፍል። ከኤረር በር ወዲያ፣ ከገጠር ነው። አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ መጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ ይመለሳል። እናቱ ጊደር መጋላ ማሽላ ትሸጣለች፤ ከትምህርት በኋላ ጆንያ የሚያነሳላት እሱ ነው። ስለዚህ ልምምድ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ።

ሮጠ። ወላሂ፣ እንዲህ ሲሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ግራ እግሩ ብቻ ነው የሚመታው፤ ቀኙን ለመቆሚያ የያዘው ይመስላል።

አቶ አበበ፣ "ይህን ልጅ የት እናስገባው?" ብለው ወደኔ አዩ። ቆይተው አዩኝ።

"አስብበታለሁ ጋሼ።"

ማሰብ ምን ያስፈልጋል? ወዲያው ታየኝ እኮ። በበድሪ ቦታ! እንዲህ የሚሮጥ ተከላካይ ካለን ማን በግራ ያልፋል?

ግን በድሪ... እንዴት ብዬ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ዲሬክተሩ ጋ ገባን፣ አዲስ ኳስ ልንለምን። "ኳስ የሚጫወት ጭንቅላት እንጂ ኳስ አይደለም" ብለው መለሱን። ምን ማለት ነው? አቶ አበበ ውጪ ወጥተው ብቻቸውን ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ድንጋይ ለቀማ ለመንን፤ ሰባተኞች ይላካሉ ተባለ። አልተላኩም። በድሪ ብቻውን ሲለቅም አየሁት፣ በግራ መስመር፣ እኔ የምሮጥበት ላይ። ጉልበቱን ለሩጫ ቢያስቀምጥ አይሻልም?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

ረመዳን ገብቷል። ልምምድ ከመግሪብ በፊት ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ቅብብል፣ ያለ ሩጫ። አቶ አበበ ራሳቸውን ይዘዋል። "በጾም እንዴት ዋንጫ ይገኛል?" ይላሉ። የድሬዎቹም ይጾማሉ ጋሼ፣ ብላቸው ትንሽ ቀለላቸው።

በጾም አፍ ሰው መስደብ አይገባም። ስለ በድሪ ያለኝን ለዒድ አቆይቼዋለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 2

በድሪ ያለ ሩጫም ያለከልካል። (አልሰደብኩም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።)

ማክሰኞ፣ ጥር 24

ዒዱም፣ ከሱ በሳምንቱ የሚከተለው የሐረር በዓል ሸዋሊዱም አለፈ። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ረገብ ብሏል። አባቴ ከረመዳን መጨረሻ እስከ ሸዋሊድ ከስፌት መኪናቸው ቀና አላሉም ነበር፤ ዛሬ የኛን ማሊያ ያዙ። ቀይ ፖፕሊን። ቁጥሩ ከአቡጀዲ ተቆርጦ ይሰፋበታል።

ኳስ አይወዱም። "ሃያ ሁለት ጎልማሳ አንድ ቆዳ ያሳድዳል" ይላሉ። ግን የኔን ከሁሉም አስቀድመው ሰፉ።

"ቀላል ቁጥር ደረሰህ" አሉኝ። "11። ሁለት አሊፍ ጎን ለጎን። ቀጥ ያለ ስፌት።" ለሳቸው አንድ ቁጥር የዐረብኛው ፊደል አሊፍ ነው።

በክንዳቸው ላይ ዘርግተው አራቁና አዩት። የሠርግ ካባ እንኳ እንዲያ ሲያዩ አላየሁም።

"ፎቶግራፍ ስትነሱ መሃል ቁም። ስፌቱ ይታይ።"

"ዋንጫዋን ይዤ ነው የምነሳው።"

"ኢንሻአላህ በል።"

"ኢንሻአላህ።"

አሁን ለሳቸውም ቃል ገባሁ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 3

ለጅጅጋዎቹ ግጥሚያ ዝርዝሩን ሰጠሁ። በድሪ የለም።

እንዲህ ተጽፎ ሳየው ይከብዳል። ግን ዋንጫ ነው ወይስ ጓደኝነት? አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ መረጥኩ።

አቶ አበበ አነበቡና፣ "ሙሳን ተከላካይ?" አሉ።

"በበድሪ ቦታ ጋሼ።"

"ልጁ እኮ ግራ ክንፍ ነው።"

"ፈጣን ነው። የትም ይሆናል።"

ብዕራቸውን እንደያዙ አንዴ እኔን አዩ፣ አንዴ ወረቀቱን። ፈረሙ።

ለበድሪ መንገር የኔ ፋንታ ነው። ነገ።

ዓርብ፣ የካቲት 4

አልነገርኩትም። ሰሌዳ ላይ አነበበው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 5

ሦስት ለባዶ! ሦስት ለባዶ ተሸነፍን!

ሙሳ ኳስ ባየ ቁጥር ወደ ፊት። "ተመለስ!" እያልኩ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ይመለሳል፣ ደግሞ ይረሳውና ይወጣል። ሦስቱም በግራ በኩል ገቡ። ገኒ ምን ያድርግ፣ ምስኪን፤ ብቻውን ሲንደባለል ዋለ።

ካበቃ በኋላ ሙሳን ያዝኩት።

"ምን ሆነህ ነው ቦታህን የምትለቀው?"

"ተከላካይ ሆኜ አላውቅም። ይጠፋብኛል።" መሬት መሬቱን ያያል። "ደግሞ... ስወጣ አንተ የምትመለስ መስሎኝ ነበር" አለ።

ደሜ ፈላ። የአስረኛ ክፍል ልጅ! ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላው! ጥዬው ሄድኩ።

አንድ ሽንፈት ከጨመርን ፍጻሜው የለም። አለቀ። ዓመት ሙሉ ልፋት፣ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

እሑድ፣ የካቲት 6

በጠዋት በድሪ መጣ። እናቴ ናት የከፈተችለት። "ግባ ልጄ፣ ጠፋህ እኮ" ስትል ሰማሁ፤ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ስድብ ጠብቄ ነበር። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

የኳስ ጫማዬን ትናንት ሜዳ ጥዬው ኖሯል። ይዞልኝ መጣ። አቧራውን ጠርጎ፣ ማሰሪያውን አስሮ።

"ኸይር ነው" አለ። "ገና አንድ ግጥሚያ አለ።"

ሰዐዲያን ፊደል አስቆጥሯት ሄደ። ስለ ዝርዝሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ገኒም አልተነፈሰም፤ ሌሎቹም። ምነው አንድ ሰው እንኳ ተነስቶ "መጂድ አጠፋህ" ቢለኝ! ይህ ዝምታቸው ያሳብደኛል። ከጡጫ ይከፋል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 19

በድሪን መለስኩት። አሸነፍን፣ አንድ ለባዶ። ጎሉ በቀኝ በኩል ነው የመጣው። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለተኛ ሆነን አለፍን። ፍጻሜው መጋቢት 17፣ ድሬዳዋ፣ ከራሳቸው ከድሬዎቹ ጋር።

በድሪ በዕረፍት ሰዓት ውኃ መጠጣት እስኪያቅተው አለከለከ።

እኔ? ኳስ አልደረሰኝም። ማለት... ደርሶኛል። እንጃ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

ዛሬ ያየሁትን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

አባቴ የሠርግ ልብስ ወደ አቦከር ሰፈር አድርስ ብለው ላኩኝ። ልምምድ ቀረሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። ስመለስ በሜዳው በኩል መጣሁ፤ ገና አላለቀም። ልገባ ብዬ... ቆም አልኩ። ቡድናችንን ከውጪ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ውስጥ ነኛ። ካቡ ላይ ተቀመጥኩ።

ለሁለት ተከፍለው ይጫወታሉ። በኔ ቦታ ሙሳ ነው።

ኳስ ቀሙት። ምን ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ዞረና ሮጠ፤ ከኋላ ደርሶ መልሶ ነጠቀ። ከዚያ ወደ ፊት። ደግሞ ቀሙት፤ ደግሞ ተመለሰ። ማንም "ተመለስ" አላለውም። በድሪ ከቦታው አልተነቃነቀም። ምን ያነቃንቀዋል? ኳሷ ራሷ እየመጣችለት ተረጋግቶ ያቀብላል። ግራ መስመሩ ሰላም ሆነ። ያ ሁልጊዜ የሚንጫጫው፣ ሁልጊዜ የሚቀደደው ግራ መስመር... የኔ መስመር።

ሁለት ጎል ገባ። ሁለቱም በግራ።

አንዳቸውም ሳያዩኝ ከካቡ ወርጄ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7

በልምምድ ማንም ጎል ያገባል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 8

ማሊያዬን አላወልቅም። አባቴ የሰፉት ነው። አምበሉ እኔ ነኝ። ደግሞስ ማን አውልቅ አለኝ? ማንም አላለኝም። ማንም ምንም አይለኝም!

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10

ገኒን ብቻውን ያዝኩት። ከዐስር ሰላት በኋላ፣ በቡዳ በር ስንወጣ።

"በድሪ ለምን ያለከልካል?" አልኩት።

"ምን?"

"በአላህ ይዤሃለሁ። ለምን ያለከልካል?"

ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ሁለት ሴቶች እንጨት ተሸክመው እስኪያልፉ ጠበቀ።

"አንተ ስለማትመለስ ነዋ" አለ። "ያንተንም የራሱንም ይሮጣል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ።"

"ሁላችሁም ታውቃላችሁ?"

"እኔ በረኛ ነኝ መጂድ። ከኋላ ሁሉም ይታየኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ማን ይንገርህ? እኩያችን ነህ። አምበል ስትባል እንዴት ደስ እንዳለህ አይተናል። በድሪ 'እኔ እሮጥለታለሁ፣ ዝም በሉ' አለን። ዝም አልን።"

"እና ዋንጫው?"

"ዋንጫ ዕቃ ነው" አለ። ከዚያ ደግሞ፣ "እኛም እንፈልገው ነበር" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ጮህኩበት። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለኔ ክብር ሲሸነፉ! ማን ለመናቸው? እንደ ታመመ ሰው ከበው ሲያስታምሙኝ፣ ኳስ ሲያቀብሉኝ፣ ጎል ስስት "አይዞህ፣ ሜዳው ነው" ሲሉኝ! ሜዳው ነው ያሉኝ እኮ እነሱ ናቸው!

ቤት ገብቼ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። በድሪ አለከለከ። በድሪ ቦታውን ለቀቀ። በድሪ፣ በድሪ... የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ያውም በገዛ እጅ ጽሑፌ። ልቀደው ነበር። ተውኩት፤ ይቀመጥ።

እሑድ፣ መጋቢት 11

ሜዳ ሄድኩ፣ ብቻዬን። ማንም በሌለበት ልሞክረው። በግራ መስመር ወደ ፊት ሮጥኩ፣ ዞሬ ተመለስኩ። ደግሞ ወደ ፊት፣ ደግሞ ተመለስኩ። ስድስት ጊዜ። በሰባተኛው እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

በስድስት ቀን ሙሳን አልሆንም።

ሰኞ፣ መጋቢት 12

ዝርዝሩን ጻፍኩ። አንድ ቁጥር ገኒ። ሦስት ቁጥር በድሪ። እስከ አስር ድረስ ቶሎ ሄደ። አስራ አንድ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ሻይ ጠጣሁ። ሰዐዲያን ያለ ጥፋቷ ተቆጣሁ። ተመልሼ "ሙሳ" ብዬ ጻፍኩ። የሚቀየር ሰው የለም፤ የገባ ገባ፣ የቀረ ቀረ።

አቶ አበበ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"አምበሉስ?"

"በድሪ ይሁን ጋሼ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ስምህን ከዝርዝሩ እኔው ላወጣው ስንት ጊዜ አስቤ ስንት ጊዜ ፈራሁ መሰለህ" አሉ። "አፎቻችሁ ትዝ ሲለኝ።"

ታዲያ ጥቅምት ላይ አይነግሩኝም ነበር? ልላቸው ነበር... ነግረውኛል እኮ። "ትመለሳለህ?" ብለው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 13

ሙሳ ከኔ ይቀጥናል። ማሊያውን ይዤ መኪና ግርግር ሄድኩ።

"ይጥበብልኝ" አልኳቸው አባቴን።

"ከስተሃል እንዴ?"

"ለኔ አይደለም። ለሙሳ ነው። እሱ ነው የሚገባው።"

የስፌት መኪናቸው ቆመ። መንገዱ በሙሉ በመኪና እየጮኸ የሳቸው ብቻ ቆመ። ከከንፈራቸው መርፌ አወጡ።

"ማን አስወጣህ? እኔ ያንን አስተማሪ ሄጄ..."

"ማንም አላስወጣኝም። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

አዩኝ። እኔ ማሊያውን አየሁ። "ከኔ ይሻላል" አልኩ። አፌ ላይ እንደዚያ ይመራል ብዬ አልጠበቅሁም።

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው፣ "ልጁን ጥራው። ሳልለካ አላጠብም" አሉ።

ሙሳን ከጊደር መጋላ አመጣሁት፣ ጸጉሩ ላይ የማሽላ ገለባ እንዳለ። ጎኑን ለኩት፣ ትከሻውን ለኩት። ሁለቱን አሊፍ ፈትተው እንደገና ሰፉ፣ ጀርባው መሃል እንዲውሉ። "አላህ ይስጥልኝ አባ" አለ። እኔን አላየኝም። እኔም አላየሁትም።

ሲሄድ አባቴ ከቁርጥራጩ ላይ አቧራ እያራገፉ፣ "አንተስ ምን ትለብሳለህ?" አሉኝ።

"ሸሚዝ።"

ዓርብ፣ መጋቢት 16

በድሪ አምበልነቱን እምቢ አለ። "አምበላችን አንተ ነህ" ይላል። ሜዳ ውስጥ የሌለ አምበል የለም ብለው አቶ አበበ ተቆጡት። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ የመጂድ ተላላኪ ሆኜ እገባለሁ" አለ።

ብቻችንን ስንሆን፣ "ለምን ሮጥክልኝ?" አልኩት።

"አንተ በኔ ቦታ ብትሆን አትሮጥም ነበር?"

አልሮጥም ነበር። ለሱ አላልኩትም፤ እዚህ ብቻ ጻፍኩት።

እሑድ፣ መጋቢት 18

ትናንት አሸነፍን። ሁለት ለአንድ። ዋንጫዋ ሐረር ናት።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ። አቶ አበበ አሁን ደግሞ የሳቸው ጾም ነው፤ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ሲዞሩ "በጾም እንዴት ዋንጫ ይገኛል?" ብሎ ገኒ ቀለደባቸው። እኔ ሸሚዜን ለብሼ፣ የውኃ ባልዲና የኳስ ከረጢት ይዤ ሜዳው ዳር ተቀመጥኩ። አንዳንድ የድሬ ልጆች ያውቁኛል። "አምበል፣ ምነው ውኃ ቀጂ ሆንክ?" አሉኝ። ባልዲውን ወደ ጥላው ሳብኩት።

ሳንቲም ሲጣል ዕጣው ለኛ ወጣ። በድሪ ጎን ከመምረጡ በፊት ዞሮ ወደኔ አየ። ዳኛው፣ ተጫዋቹ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀ። ፀሐይን ከጀርባችን አድርጉ ብዬ በእጄ አመለከትኩት። የኔ አምበልነት በዚያው አለቀ።

አስቀድመው አገቡብን። ከዕረፍት በኋላ ሙሳ አንድ አገባ፣ በግራ እግሩ። ሁለተኛውን እሱ አሻገረ፤ መሃል አጥቂያችን በጭንቅላቱ አገባው። ብድግ ብዬ ስጮህ ራሴን አገኘሁት፤ ምን እያልኩ? "ተመለሱ! ተመለሱ!" እኔ!

ፎቶግራፍ ሲነሱ አልገባም አልኩ። ገኒ አንገቴን አንቆ አስገባኝ። ከዳር ቆምኩ። መሃል ላይ ሙሳ ነው፤ ፎቶ አንሺው ጀርባቸውን አስዙሮም አነሳቸው። አባቴ ሲያዩት ስፌታቸው ይታያል፤ ሁለቱ አሊፍ መሃል ላይ ናቸው።

ደስ ብሎኛል? ብሎኛል። ግማሹን። ደንገጎን ስንወጣ ዋንጫዋን እየተቀባበሉ ሲስሟት እኔ ጋ ስትደርስ ለሚቀጥለው አሳለፍኳት። የተናደድኩት በማን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ማወቁ ግን ንዴቱን አልቀነሰውም። ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም። አምናም ካችምናም ማምጣት እንችል ነበር።

አንድ ነገር ልጻፍና ይብቃኝ። የመጨረሻዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ኳሷን አልተከተልኩም። በድሪን ነው ያየሁት። ቦታው ላይ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ወደ ሙሳ ሮጡ፣ እሱ ግን እዚያው ቀረ። አሁን እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል ብዬ ጠበቅሁ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደኔ አየ። አላለከለከም።